የእኛው መጋዘን

ዘሪሁን ሀብተ ማርያምን ሞቶ ያገኘው ዘበኛው ቱፋ ነው። ሲዘንብ አድሮ ማለዳ ላይ አባርቶ ነበር። ቱፋ ከኢተያ ወጣ ብሎ በአሰላ መንገድ ዳር ያለውን መጋዘን ከፍቶ ሲገባ ባዶ ጆንያ ተነጥፎ፣ በላዩ ሰው ተኝቶ አየ። ጫማው ወልቆ ጎን ለጎን ተቀምጧል። የዝናብ ካፖርቱ እስከ አገጩ ድረስ ተደርጎለታል። ቱፋ ሞተር ሳይክሉን ደጅ አይቶ ስለነበር አለቃው መሽቶበት እዚያው ያደረ መስሎት ቀስ ብሎ «ጋሼ» አለው። ዝም ሲለው ቀረብ ብሎ እጁን ነካ። ከዚያ ወደ ዋናው መንገድ እየሮጠ ወጣ።

ኢንስፔክተር ፈይሩዛ ከአሰላ ስትደርስ በመጋዘኑ ደጅ ብዙ ሰው ቆሞ ነበር። ሁሉም ሟቹን ያውቀዋል። ለቅሶ ግን የለም። ጋቢ የደረበ አንድ ገበሬ ለማንም ሳይሆን፣ «ገንዘባችንን ይዞ ሞተ» አለ። አጠገቡ የቆመው በመስማማት ራሱን ነቀነቀ።

ፈይሩዛም ዘሪሁንን ታውቀው ነበር። በኢተያ፣ በሁሩታና በሳጉሬ ገበያ የማያውቀው አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ገበሬ መካከል ከኖረ በኋላ ሥራውን ለቅቆ የፓስታ ፋብሪካ አቋቁማለሁ ብሎ ተነሳ። የሚናገረው ሁልጊዜ አንድ ነው። ዱረም ስንዴውን የምናመርተው እኛ፣ ፓስታውን ከውጭ ገዝተን የምንበላውም እኛ፤ ይህ ነገር እስከ መቼ ይቀጥላል? ባንክ ያለ ማስያዣ አላበድርም ሲለው አክሲዮን መሸጥ ጀመረ። ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ አስተማሪውም አቅሙ የቻለውን ያህል ገዛ። «ሰብለ ጋራ ፓስታና ማካሮኒ አክሲዮን ማኅበር፣ በምሥረታ ላይ» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከዚያ ሽያጩ ድንገት ቆመ። ፋብሪካውም አልታየም። ሰው መጠርጠር ጀመረ።

«እኔም ገዝቼ ነበር» አለ ረዳቷ ሳጅን የኋላሸት፣ መጋዘኑ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ወለሉን እያየ።

«አልነገርከኝም።»

«ባለፈው ሳምንት ሸጥኩት። በግማሽ ዋጋ። ሚስቴ ቢያንስ ግማሹን አትርፍ አለችኝ።»

«ለማን ሸጥከው?»

«ለሌዊ። የሁሉንም የሚገዛው እሱ ነው።»

መጋዘኑ ውስጥ አንድ ፍሬ ስንዴ የለም። ለፋብሪካው ጥሬ ዕቃ ተብሎ ተከራይቶ ባዶውን የሚጠብቅ ቤት ነው። ከደጁ መኪና ተጠግቶ የሚጫንበት ከፍ ያለ የሲሚንቶ መድረክ አለ። መድረኩን ዝናቡ አጥቦታል፤ ጣሪያው በሚከልለው የታችኛው ጠርዝ ላይ ግን ደም ደርቋል። ከዚያ እስከ ጆንያው ድረስ አቧራው ላይ ሁለት መስመሮች ተስለዋል። የተጎተተ ሰው ተረከዝ ነው።

ሐኪሙ አስከሬኑን ከመረመረ በኋላ ፈይሩዛን ወደ ቢሮው ጠራት።

«ወደ ኋላ ወድቆ ጭንቅላቱ ጠርዙን መትቷል። ወዲያው ግን አልሞተም። ቁስሉ በጨርቅ ጠበቅ ተደርጎ ታስሮ ነበር። የቋጠሮው ምልክት ግንባሩ ላይ አለ። ጨርቁን አላመጣችሁልኝም?»

«ጨርቅ አልነበረም።»

«እንግዲያው ያሰረው ሰው መልሶ ፈትቶ ወስዶታል።»

ወደ ጣቢያ ሲመለሱ ሳጅን የኋላሸት መኪናውን እየነዳ፣ «ገድሎ ቁስል የሚያስር ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብሎ ጠየቃት።

ጎን ለጎን የተቀመጡት ጫማዎች ከፈይሩዛ ዓይን አልጠፉም።

*

መጀመሪያ የያዙት ቱፋን ነው። በዚያ ምሽት መጋዘኑን መጠበቅ የነበረበት እሱ ነው፤ የት እንደነበረ ሲጠየቅ ደግሞ አንዴ ደጁ ላይ ነበርኩ፣ አንዴ ዳቦ ልገዛ ሄድኩ ይላል።

«ቱፋ» አለች ፈይሩዛ፣ «ደጁ ላይ ከነበርክ አለቃህ ሲወድቅ ሰምተሃል። ካልነበርክ ንገረኝ። ሁለቱም ሊሆን አይችልም።»

ሰውየው መሬት መሬት አየ። «የእህቴ ልጅ ሰርግ ነበር። ጋሽ ዘሪሁን ራሱ ነው ሂድ ያለኝ። ‹እኔ እዚህ ሥራ አለኝ፣ በሩን እቆልፈዋለሁ፣ አንተ ሂድ ብላ› አለኝ። ይህን ብናገር ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ።»

«ከማን ጋር ሊገናኝ ነው ብለህ ታስባለህ?»

«ማንንም አልጠራም። ሲመሽ ወደ መጋዘኑ መጥቶ ብቻውን መቀመጥ ይወድ ነበር። ማሽኑ እዚህ ጋ ይተከላል፣ ስንዴው በዚህ ይገባል እያለ ያሳየኛል። እኔ ባዶ ቤት ነው የማየው።»

ሰርገኞቹ የቱፋን ቃል አረጋገጡ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጨፍር አድሯል። ለቀቁት።

*

አሰላ፣ ዘሪሁን ቤት ደጅ ድንኳን ተተክሏል። አግዳሚዎቹ ግማሽ በግማሽ ባዶ ናቸው። ፈይሩዛ ከሟቹ ሚስት ከወይዘሮ የሺሃረግ አጠገብ ተቀመጠች። ሴትየዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ድምፅዋ ተዘግቷል።

«የማይመጣው ሰው እንደሚበዛ አውቃለሁ» አለች የሺሃረግ። «ሌባ ነው ብለውታል። ባለፈው ፋሲካ እንኳን ደጃችን ላይ ድንጋይ ተወርውሯል። እሱ ግን ‹ተያቸው፣ ገንዘባቸው ስለሆነ ነው፣ እኔም ብሆን እጮህ ነበር› ነው የሚለኝ።»

«የዛተበት ሰው ነበር?»

«ሌዊ። አክሲዮኑን እየዞረ ይሸጥለት የነበረው ልጅ። በሸጠ ቁጥር ኮሚሽን ነበረው። ሽያጩ ሲቆም እዚህ ድረስ መጥቶ ‹እንጀራዬን ቆረጥክ፣ ታየዋለህ› ብሎት ሄደ።»

ከድንኳኑ ጥግ አንድ ሸምገል ያለ ገበሬ ብቻውን ተቀምጧል። ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። የዘሪሁን ልጅ ማሂ ውሃ አቀረበችለት። አልጠጣም፤ ብርጭቆውን ግን ይዞት ቆየ።

«ማን ናቸው?» አለች ፈይሩዛ።

«ኦቦ ሁሴኖ ነው። ዘሪሁን ወጣት ሆኖ ገጠር ሲመደብ ቤቱን የሰጠው እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ወንድማማች ናቸው። የመጀመሪያውን አክሲዮን የገዛው እሱ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ያስገዛውም እሱ። ባለፈው ወር ሚስቱን ፋጡን ቀበረ፤ አሁን ደግሞ ይኸው። አስከሬኑን ከሆስፒታል ተሸክሞ ያመጣልኝ እሱ ነው።»

ፈይሩዛ ስትወጣ በሽማግሌው ፊት ቆም ብላ «አላህ ያጽናዎት» አለችው። ቀና ብሎ አያት። የት ነበሩ ብላ አልጠየቀችውም። ያን ቀን ማንም ቢሆን አይጠይቀውም ነበር።

*

ሌዊ ዘሪሁን ከሞተ በኋላ አሰላ ውስጥ አልታየም። ስልኩ ዝግ ነው። ሳጅን የኋላሸት ሲፈልገው ፈይሩዛ ወደ ባንኩ ሄደች። ሥራ አስኪያጇ ነቢላ ቀጠን ያለች፣ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት ናት። በር ዘጋችና ተቀመጠች።

«ዘሪሁን ከማኅበሩ ሂሳብ ምን ያህል አወጣ?» አለች ፈይሩዛ።

«ምንም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሂሳቡ ዝግ ነው፣ ኢንስፔክተር። ማኅበሩ በሕግ እስኪቋቋም ድረስ ገንዘብ ይገባል እንጂ አይወጣም። እሱም ቢሆን ማውጣት አይችልም። ማኅበሩ ሳይቋቋም ቢቀር ደግሞ ለእያንዳንዱ ባለቤት ይመለሳል። ሰው ያዋጣው ሁሉ እንዳለ አለ።»

ፈይሩዛ ወንበሯን ወደፊት ሳበች። «ታዲያ ሽያጩን ለምን አቆመ?»

«ሕጉ ስለተለወጠ። አሁን ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ ሁሉን ነገር ጽፎ ለካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ያቀርባል። ገንዘቡ ለምን እንደሚውል፣ ሥራውን ማን እንደሚመራ፣ ሊከስር የሚችለው በምን ምክንያት እንደሆነ ሳይቀር። ሲፈቀድለት ነው የሚሸጠው። ዘሪሁን ‹መጀመሪያ ይመርምሩን፣ እስከዚያ ከማንም አንድ ብር አልቀበልም› አለ። ሰነዱን ሲያዘጋጅ እዚህ እየመጣ ነበር የሚያማክረኝ። የሚያከስሩ ነገሮች የሚለውን ክፍል ራሱ ነው ያስረዘመው። ‹ዋግ ስንዴውን ሊመታው ይችላል› ብሎ ሁሉ ጽፏል። ‹ይህን ያነበበ ማን ይገዛሃል?› ብዬ ስጠይቀው ሳቀ።»

«ሳቀ?»

«‹አንብቦ የገዛ አይረግመኝም› አለኝ።» ነቢላ ጣቶቿን አየች። «አዲስ አበባ ስለተከፈተው የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሲያወራ እንደ ልጅ ነበር የሚሆነው። አንድ ቀን እዚያ እንመዘገባለን ይላል። ያን ጊዜ የቸገረው ገበሬ ፈቃድ ባለው ደላላ በኩል ድርሻውን በገበያው ዋጋ ሸጦ ችግሩን ይወጣል። ፋብሪካውም ገንዘቡን አያጣም፣ ገበሬውም ገንዘቡ አይታሰርበትም። የሚያሳዝነው አሁን ያ መንገድ ገና አልደረሰንም። ገንዘቡ አለ፤ የቸገረው ሰው ግን ሊያወጣው አይችልም።»

«ይህን ለሰዉ ለምን አልነገረም?»

«ነግሯል እንጂ። በየገበያው ቆሞ ነግሯል። ሰው ግን የፋብሪካ ግድግዳ ማየት ነው የሚፈልገው።»

*

ሌዊ የተያዘው አዳማ ነው። ጥሩ ጃኬት የለበሰ፣ ከሠላሳ ያላለፈ ልጅ ነው። ሲጠየቅ እንባው ቀደመው።

«አልገደልኩትም። የሸሸሁት ሰው ሁሉ እኔን እንደሚጠረጥር ስላወቅኩ ነው።»

«ዘሪሁን ገንዘቡን በላ የሚለውን ወሬ የጀመረው ማነው?»

ሌዊ የጃኬቱን ዚፕ ወደ ላይ ሳበ።

«ሌዊ።»

«እኔ ነኝ።»

«ሰሞኑን በገበያ የሚወራውስ፣ አዳማ ቤት ገዛ የሚለው?»

«እሱንም ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ገንዘቡ ባንክ እንዳለ ታውቅ ነበር?»

ሌዊ የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቀችው ሁሉ አያት። «ባላውቅ እገዛ ነበር?»

ሳጅን የኋላሸት ከወንበሩ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

«ፈቃዱ ሲመጣ ዋጋው እንደሚወጣ አውቅ ነበር» አለ ሌዊ። «ሰው ሲፈራ በርካሽ ይሸጣል። ያደረግኩት ይህንኑ ነው። እሱን ግን አልነካሁትም። በዚያ ምሽት አዳማ መግቢያ ላይ ጎማዬ ፈንድቶ ነበር። ጎሚስታውን ጠይቁት።»

ጠየቁት። ጎሚስታው ልጁንም መኪናውንም አስታወሰ። ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ በስልክ ሲያወራ አምሽቷል። አጠገቡ ያለው ሻይ ቤትም ያንኑ ተናገረ። ሌዊ ያለ ፈቃድ አክሲዮን በመነገድና ሰውን በማታለል ተከሰሰ። የሰው ነፍስ ግን በእጁ አልጠፋም።

የኋላሸት በዚያ ቀን ከሥራ ሲወጣ፣ «እኔ ፖሊስ ነኝ። መጠየቅ እችል ነበር። ባንኩ እኮ ከጣቢያው ፊት ለፊት ነው» አላት።

*

ቀናት አለፉ። የሟቹ ስልክ በካፖርቱ ኪስ ውስጥ ተገኝቶ ነበር፤ ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ነው፤ ውሃ ገብቶበት አልበራም ብሎ ነበር። የኋላሸት ፈታቶ ካደረቀው በኋላ አንድ ጠዋት ተነሳለት። ወደ ፈይሩዛ ጠረጴዛ ይዞት መጣ።

«የመጨረሻው ጥሪ ዘሪሁን በሞተበት ምሽት ነው። ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ።»

ፈይሩዛ ቁጥሩን ከራሷ ስልክ ደወለች። አንዴ ጠርቶ ተነሳ።

«አምቡላንስ» አለ የወንድ ድምፅ።

ሾፌሩ ኦብሳ ይባላል። ኢተያ ጤና ጣቢያ ደጅ መኪናውን እያጠበ አገኙት። ስለ ጥሪው ሲጠይቁት ወዲያው አስታወሰ።

«ከባድ ዝናብ ነበር፣ ብዙ አይሰማም። ሽማግሌ ድምፅ ነው፣ በኦሮምኛ። ‹ሰው ወድቋል፣ ድረስልኝ› አለኝ። የት ስለው ‹መጋዘናችን ጋ› አለ። የማን መጋዘን ብዬ ስጠይቀው ‹የእኛው፣ መጋዘናችን› እንዳለ ተቋረጠ።»

«ከዚያስ?»

«ገበሬ መጋዘናችን ሲል እኔ የማውቀው የገበሬ ማኅበራት ዩኒየኑን ነው። ወደዚያ ነዳሁ። ሰው የለም። መልሼ ብደውል አይጠራም። ዞሬ ተመለስኩ። ሐሰተኛ ጥሪ መሰለኝ፤ ብዙ ጊዜ ያጋጥመናል።»

«ዘሪሁን በተገኘበት መጋዘን ደጅ አልፈሃል?»

ኦብሳ የያዘው ጨርቅ እጁ ላይ ቀረ። «ስሄድም ስመለስም» አለ። ድምፁ ወረደ። «ያ መጋዘን ማስታወቂያ የለውም። ኪራይ ነው። የማን መሆኑን አላውቅም ነበር።»

ፈይሩዛ ትንሽ አሰበች። ያንን ባዶ ቤት «የእኛ» ብሎ የሚጠራ ሰው ቱፋ አይደለም፤ ለእሱ ባዶ ቤት ነው። ሌዊም አይደለም። ባለአክሲዮን ነው። በዘሪሁን ተስፋ ያልቆረጠ፣ ወይም ተስፋ ቆርጦ እንኳን አፉ «የእኛ» ማለትን ያልተወ ባለአክሲዮን።

«ቁጥርህ በሟቹ ስልክ ውስጥ አልተመዘገበም» አለች። «ደዋዩ በቃሉ ነው የደወለው። በቃሉ የሚያውቅህ ማነው?»

«ቤቱ ውስጥ ሰው የታመመበት ነዋ። ምጥ ከሆነ አንዴ ይደውላሉ፣ አለቀ። የቆየ በሽተኛ ያለበት ቤት ግን ቁጥሬን እንደ ስሙ ነው የሚያውቀው። ዘንድሮ እንኳን የኦቦ ሁሴኖን ሚስት፣ አላህ ይዘንላትና፣ ስንት ጊዜ ወደ አሰላ አመላልሻታለሁ።»

የኋላሸት ወደ ፈይሩዛ ዞረ። እሷ ግን ኦብሳን ማየቷን አልተወችም።

«ኢንስፔክተር» አለ ሾፌሩ፣ «በዚያ ምሽት በመስታወቱ ከኋላዬ የሚሮጥ ሰው ያየሁ መስሎኝ ነበር። በዝናቡ ምክንያት እርግጠኛ አልነበርኩም። አልቆምኩም።»

*

የሁሴኖ እርሻ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው። ጎረቤቶቹ ሁሉ ዘርተዋል፤ ማሳቸው አረንጓዴ ሆኗል። የእሱ ታርሶ እንደተከፈተ ቀርቷል። ሽማግሌው ከማሳው ጫፍ ላይ፣ ግንድ ላይ ተቀምጦ አገኙት። ፈይሩዛ የኋላሸትን መኪናው ጋ እንዲቆይ ነግራው ብቻዋን ሄደች። ሰላም ብላው አጠገቡ ተቀመጠች።

«አልዘሩም፣ ኦቦ ሁሴኖ።»

«አልዘራሁም።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። የአምቡላንሱን ስልክ ቁጥር ያውቁታል?»

ሁሴኖ ማሳውን እያየ ቁጥሩን መጥራት ጀመረ። አንድ በአንድ፣ እንደ ዱዓ ዝግ አድርጎ። መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ። ቀሪውን አልጨረሰም።

«መቼ ትመጪ ይሆን እያልኩ ነበር፣ ልጄ» አለ በመጨረሻ። «በድንኳኑ ውስጥ ማሂ ውሃ ስታመጣልኝ ሁሉ ልነግራት አፌን እከፍታለሁ። ‹አባባ፣ ጠጣ› ትለኛለች። አልቻልኩም።»

«እንዴት ሆነ?»

«ፋጡ ስትታመም ሐኪም ለኦፕራሲዮን አዳማ ውሰዳት አለኝ። ያለኝን ሁሉ አክሲዮን ገዝቼበታለሁ። ዘሪሁንን ገንዘቤን መልስልኝ አልኩት። ‹ሂሳቡ ዝግ ነው፣ እኔም አልችልም› አለኝ። ከዚህም ከዚያም ተበድሮ አምጥቶልኝ ነበር። ሲያመጣው ግን ፋጡ አልፋለች። መቃብሯን ከእኛ ጋር ቆፈረ። እኔም ዝም አልኩ። ምን እላለሁ?»

«ሌዊስ ሽጡልኝ ብሎ አልጠየቀዎትም?»

«ጠይቆኛል። የወንድሜን ነገር በግማሽ ዋጋ አልሸጥም አልኩት። ፋጡም አትሽጥ አለችኝ።» እጁን ጉልበቱ ላይ አሸ። «በዚያ ቀን ገበያ ስሄድ ዘሪሁን አዳማ ቤት ገዛ ሲሉ ሰማሁ። ጎረቤቶቼ እኔን ያያሉ። ያስገዛኋቸው እኔ ነኝ። ከገበያ ስመለስ የዘሪሁንን ሞተር ሳይክል መጋዘኑ ደጅ አየሁ። ገባሁ። መድረኩ ላይ ቆመን አወራን።»

«ምን አሉት?»

«‹ገንዘቡ አለ?› አልኩት። ‹አለ› አለኝ። ‹ፋጡ ስትሞትም ነበር?› አልኩት። ‹ነበር፣ ሁሴኖ› አለኝና አለቀሰ።» ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፈይሩዛ ዞረ። «በልቶት ቢሆን ሌባ ነህ ብዬ ትቼው እሄድ ነበር። ገንዘቡ እያለ ከሆነ ደግሞ ፋጡ የሞተችው ለምንድነው? ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ አላወቅኩም። ደረቱን ገፋሁት። መድረኩ ርሶ ነበር። ሲወድቅ እጁን ዘረጋልኝ፣ አልደረስኩበትም።»

ከጎረቤቱ ማሳ ወፍ የሚያባርር ሰው ድምፅ ተሰማ። ሁሴኖ እስኪያልፍ ጠበቀ።

«በጥምጣሜ ቁስሉን አሰርኩት። ወደ ውስጥ ጎተትኩት። በዘሪሁን ስልክ ደወልኩ፣ ተቋረጠ። እጄ ርሶ ስልኩም ከእጄ ውሃው ውስጥ ወደቀ፤ አንስቼ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። መንገድ ወጥቼ ቆምኩ። መኪናው መብራቱን እያብለጨለጨ መጣ፣ እጄን አወዛወዝኩ፣ አለፈኝ። ሮጥኩ። በእኔ ዕድሜ ሮጥኩ። አልቆመም። ተመልሼ ስገባ ዓይኑን አንድ ጊዜ ገለጠ። ‹አይዞህ› አለኝ። እሱ ለእኔ! ከዚያ ሄደ።»

«ጫማውን ያወለቁት እርስዎ ነዎት።»

«ርሶ ነበር። እግሩ እንዳይበርደው።»

«ጥምጣሙስ?»

«ፋጡ አጠገብ ቀበርኩት።»

ፈይሩዛ ተነስታ ቆመች። ሁሴኖ ግን አልተነሳም። የጠየቃት በጣም ቀስ ብሎ ነው።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ገንዘቡ አለ?»

ልትዋሽለት ብትችል ደስ ባላት ነበር። «አለ» አለች። «ማንም አልነካውም። የእርስዎም ድርሻ አለ።»

ሽማግሌው ራሱን ሁለት እጁ ላይ ጣለ። ሲያለቅስ ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሳጅን የኋላሸት ከሩቅ አይቶት ካቴናውን ወደ ኪሱ መልሶ ከተተው። ፈይሩዛና ሽማግሌው ጎን ለጎን ወደ መኪናው ሄዱ፣ ማንም ሳይይዘው።

*

ለወይዘሮ የሺሃረግ የነገረቻት ፈይሩዛ ራሷ ናት። ድንኳኑ ተነስቶ ነበር። ሴትየዋ ሰምታ ስትጨርስ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ማሂ ግን ከጓዳ ወጥታ «ውሸት ነው» አለች፤ ደግማም «ውሸት ነው» አለች፤ ከዚያ እናቷ እቅፍ ውስጥ ወደቀች።

ዘሪሁን ለባለሥልጣኑ ያቀረበው ሰነድ በመስከረም ጸደቀ። የባለአክሲዮኖቹ ጉባኤ አሰላ አዳራሽ ውስጥ ተካሄደ፤ ነቢላ ስለ ሂሳቡ ስትናገር አዳራሹ ጸጥ አለ። ድርሻቸውን ለሌዊ የሸጡት ሰዎች ከኋላ ቆመው ነበር። «ገንዘባችንን ይዞ ሞተ» ያለው ገበሬም መጥቷል። የሕሊና ጸሎት ሲደረግ ቆቡን አወለቀ፤ ሰው ሁሉ ከተቀመጠም በኋላ መልሶ አላጠለቀውም። ማሽኑን የሚገዙ ሰዎች ተመረጡ። ማሂ በአባቷ ድርሻ ድምፅ ሰጠች።

ከጉባኤው በኋላ አንድ ቀን፣ ከሰዓት፣ የሺሃረግ ወደ ጣቢያው መጣች። ሁሴኖ ወደ ማረሚያ ቤት እስኪዛወር ገና እዚያው ነበር። ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እጇ ባዶ ነው። ፈይሩዛ ከቢሮዋ ወጥታ አጠገቧ ቆመች።

«ላስጠራልዎት?»

«ቆይ» አለች የሺሃረግ።

ፈይሩዛም ከጎኗ ተቀመጠች። ከማረፊያ ክፍሎቹ ወገን፣ ከግድግዳው ጀርባ፣ ሰው አሳለ። ደረቅ፣ ከደረት የሚወጣ፣ ቶሎ የማያቆም ሳል ነው። የሺሃረግ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አዳመጠች።

«ይህ ሳል ብርድ ሲገባ ይብስበታል» አለች። «ድሮ እኛ ቤት ሲያድር ሌሊቱን ሙሉ እንሰማው ነበር። ዘሪሁን እየተነሳ ትኩስ ውሃ ይሰጠዋል።»

ሳሉ ቆመ። ከዚያ እንደገና ጀመረ።

«ልጥራው፣ ወይዘሮ የሺሃረግ?»

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች፣ እምቢ እንደማለት። ተነሳች። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ ሄደች፤ ደፉ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ፊቷን አላዞረችም።

«የሚደርበው አለው?»

«አለው» አለች ፈይሩዛ።

«እሺ» አለች የሺሃረግ፣ እና ወጣች።